«ዶክመንቴሽን ባሻሽል ሲቪዬ ላይ ይቆጠርልኛል?»

ከባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የጻፍሽልን የሶፍትዌር ተማሪ፣ የሥራ ልምድ እንደሌለሽ ነግረሽ፣ በሪአክት ኔቲቭ (የስልክ መተግበሪያ መሥሪያ) አኒሜሽን ዶክመንቴሽን (የአጠቃቀም መመሪያ) ውስጥ ስለ ኢንተርፖሌሽን የተጻፈውን አሻሽለሽ ሲቪ ላይ ማስፈር ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀሻል።

ይጠቅማል፤ ፊደል ከማረም ካለፈ ግን ነው። ነጠላ ሰረዝ ያስተካከለ ሰው ኮዱን ማንበቡ አይታወቅም።

ኢንተርፖሌሽን አንዱን የቁጥር ክልል ወደ ሌላው መመንዘር ነው። መሐሉ ቀላል ነው፤ አንባቢ የሚሰናከለው ዳሩ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ የሚሄድ የጀልባ ምስል ሥሪ እንበል፦ ግብዓቱ ከ0 እስከ 1፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 240። በ0.5 ላይ 120 ይሆናል፤ ይህን ማንም ይጽፈዋል። እንቅስቃሴው ስፕሪንግ (እንደ ሞላ የሚነጥር) ሲሆን ግን ቁጥሩ 1ን አልፎ ሊመለስ ይችላል። 1.1 ሲደርስ ውጤቱ 264 ነው፤ ጀልባዋ ወደቡን አልፋ የዘጌ ቡና ውስጥ ትገባለች። ምክንያቱ የኤክስትራፖሌት (ቁጥሩ ከክልሉ ሲወጣ ምን ይሁን የሚለው ቅንብር) ነባሪ ምርጫ «ኤክስቴንድ» ስለሆነ መስመሩ ከክልሉ ውጭም ይቀጥላል። «ክላምፕ» ካልሽው 240 ላይ ይቆማል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ የስፕሪንጉ ንዝረት ጫፉ ላይ ይቆረጥና ጀልባዋ ግድግዳ የመታች ትመስላለች። «ክላምፕ ተጠቀሙ» ብለሽ ብቻ ብታልፊ አንባቢሽን ለሌላ ችግር ትዳርጊዋለሽ፤ መቼ እንደማይመከርም ጻፊ።

የሁለቱ ዝርዝሮች (የግብዓቱና የውጤቱ ቁጥሮች) ርዝመት እኩል መሆን እንዳለበትና የግብዓቱ ቁጥሮች ወደ ኋላ መመለስ እንደማይችሉ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ከመጻፍሽ በፊት ገጹ የትኛውን አስቀድሞ እንዳለ አረጋግጪ፤ የተባለን መድገም ገምጋሚን ያሰለቻል። ምሳሌሽን ስልክ ላይ አስኪጂው። የሪአክት ኔቲቭ ዶክመንቴሽን ከዋናው ኮድ በተለየ ሪፖ (የፕሮጀክት ፋይሎች ማከማቻ) ውስጥ ነው ያለው፤ እዚያም «ዶክስ» የሚባለው ፎልደር የሚቀጥለውን ቨርዥን ብቻ ይቀይራል። የወጡት ቨርዥኖች የየራሳቸው ቅጂ አላቸው፤ ብዙ ጀማሪ «ለውጤ የት ሄደ?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ገጹን በሙሉ ልጻፈው አትበዪ፤ በአንድ ፑል ሪኩዌስት (ለውጥሽ እንዲጸድቅ የምትልኪው ጥያቄ) አንድ ክፍል ይበቃል፣ መግለጫው ላይም 264 ከየት እንደመጣ አሳዪ።

ሲቪሽ ላይ «ለኦፕን ሶርስ አስተዋጽኦ አድርጌያለሁ» ከማለት «ከክልል ውጭ ለሚወጡ ቁጥሮች ማብራሪያና የተሞከረ ምሳሌ ጨምሬያለሁ» ብለሽ ሊንኩን አስቀምጪ። ገና ካልጸደቀ «በግምገማ ላይ» በዪ፤ ቀጣሪው ሊንኩን ከፍቶ ማየቱ አይቀርም።