ከካርፓቲያ የወረደችው ሴት የት ደረሰች?

ውድ የመሐል ሜዳዋ ልጅ፣

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተመራቂ ነሽ። ከታይታኒክ መስጠም የተረፈች አንዲት የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ፣ ከዛሬዋ ሊባኖስ የተነሣች ወጣት፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደ ኖረች ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ልታጠኚ አስበሻል። መምህርሽ «የአንኮበርን ነገሥታት ጻፊ» ብለውሻል። የቤት ኪራይሽን የሚከፍለው ወንድምሽ «በሞተች ፈረንጅ እንጀራ አይገኝም፤ ለባንክ ፈተና አጥኚ» ይላል። አንቺን ግን የጨነቀሽ «የተራ ሰው ዱካ ይገኛል ወይ?» የሚለው ነው።

ይገኛል። አሥራ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ የጣርማበር ገበሬ መዝገብዎ ጠፍቷል እየተባሉ ሦስት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በመጨረሻ ስናገኘው ኃይሉ የሚለው ስማቸው በሐመሩ ሐ ተጽፎ ሌላ መደርደሪያ ገብቶ ነበር። ስማቸው የተጻፈበትን፣ አጣጥፈው የያዙትን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያንቺም ሴት እንደዚያው ሳትሆን አትቀርም። ከአደጋው የተረፉት 700 ያህል ሰዎች ከባሕር ባነሣቸው በካርፓቲያ መርከብ ኒው ዮርክ የደረሱት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1912 ነው። የዐረብኛ ስም በእንግሊዝኛ ጸሐፊ ጆሮ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢ፤ ስለዚህ አንዱን ስም በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ፈልጊ። እኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትጥል አንቺ የምትሳሳቺው እዚህ ላይ ነው፦ እዚያ በዚያ ዘመን ያገባች ሴት አብዛኛውን ጊዜ በባል ስም ትመዘገብ ነበር። አስቀድመሽ የጋብቻ መዝገቧን ፈልጊ። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የግለሰቦች ዝርዝር ደግሞ ከ72 ዓመት በኋላ ይከፈታል። የ1950ው በ2022 ተከፍቶ በብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው ድረ ገጽ በነፃ ይታያል። የ1920ው ቅጽ ሥራን፣ ማንበብና መጻፍን፣ አሜሪካ የተገባበትን ዓመት ሳይቀር ይጠይቃል። ስሟ የሚቀርብ፣ «1912» ብላ የመለሰች ሴት ስታገኚ ደስታሽን ያዝ አድርጊና ዕድሜዋን፣ የትውልድ አገሯን፣ የልጆቿን ስም አመሳክሪ። በአንድ ወረቀት ብቻ እሷ ናት አትበዪ።

ወንድምሽ በሚከፍለው ኪራይ ላይ ይናገር፤ በርዕስሽ ላይ ግን ምንም ሥልጣን የለውም። ለታይታኒክ ብሎ የሚቀጥርሽ እንደሌለ ግን እውነቱን ነው። መዝገብ ማመሳከር የሚችል ሰው ግን ፍርድ ቤትም፣ መሬት አስተዳደርም፣ ወሳኝ ኩነት ምዝገባም ያስፈልጋል። የባንኩን ፈተናም ተፈተኚ፤ ቅዳሜን ለእሱ ስጪ።

ስለ ነገሥታቱ የጻፈ ሞልቷል፤ ይህን ለመምህርሽ በአክብሮት ንገሪያቸው። ለእንግሊዝኛሽም አትፍሪ፤ የቆጠራ ቅጽ ለማንበብ ሃምሳ ቃል ይበቃል።

እስከ ጥምቀት ከጋብቻ መዝገቧና ከ1920ው ቆጠራ አንዱን እንኳ ካላገኘሽ ከተራፊዎቹ ሌላ ሰው ምረጪ። ካገኘሽ ግን ስሟ እንዴት ተጽፎ እንዳገኘሽው ጻፊልኝ።