ሰሌዳውን ተዪው፣ ኳሱን ለልጆቹ ስጪያቸው

ሰላም እህቴ። የሰባተኛ ክፍል ልጆችሽ የጨረቃን ቅርጾች በቃላቸው ይወጡታል፣ ለምን እንደሚለዋወጥ ሲጠየቁ ግን «የምድር ጥላ ነው» ይላሉ ብለሻል። እኔም ጋ እንዲሁ ነበር። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ክብ እየሳልኩ አስረዳሁ፤ ይገለብጣሉ፣ ፈተናውን ያልፋሉ፣ ከወር በኋላ ስጠይቃቸው ተመልሰው ጥላ! በኋላ ሲገባኝ ጣጣው ከስዕሉ ነው። ስዕሉ ከላይ የታየ ነው፣ ልጁ ደግሞ ጨረቃን የሚያየው ከምድር ሆኖ ነው።

አሁን ክፍሉን አጨልሜ መሀል ላይ አንድ አምፖል አበራለሁ። እያንዳንዱ ልጅ እርሳስ ጫፍ ላይ የተሰካ ነጭ ኳስ ይይዛል። አምፖሉ ፀሐይ፣ ኳሱ ጨረቃ፣ የልጁ ጭንቅላት ምድር። እጁን ዘርግቶ ወደ ግራ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ብርሃኑ ኳሱ ላይ ሲሰፋና ሲጠብ ራሱ ያየዋል። መሀል ላይ አስቁሚያቸውና «ከኳሱ ምን ያህሉ ነው የበራው?» በያቸው። ሁልጊዜ ግማሹ ነው፤ የሚለዋወጠው ለእኛ የሚታየን ክፍል ነው። እዚህ ጋ አትቸኩዪ፣ እኔ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነው የምሰጠው።

ጀርባቸውን ለአምፖሉ ሲሰጡ አንዱ «የኔ ጨለመብኝ» ማለቱ አይቀርም፣ የጭንቅላቱ ጥላ አርፎበት። በጣም ጥሩ! የጨረቃ ግርዶሽ ማለት እሱ ነው። «እስቲ ኳሱን ትንሽ ከፍ አድርገው» ስትዪው ደግሞ ሙሉ ጨረቃ ይሆንለታል። የጨረቃ ምህዋር ከምድር ምህዋር አንጻር 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ነው በየ29 ቀን ተኩሉ ግርዶሽ የማናየው። የጥላውን ነገር ከልጆቼ ጭንቅላት ያወጣልኝ ይህቺ ቅጽበት ናት።

ርቀቱንም አስገምቻቸው። ምድር 12 ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ኳስ ብትሆን፣ ጨረቃ ከ3 ሳንቲሜትር ትንሽ ትበልጣለች። የት ትቀመጥ ስላቸው ብዙዎቹ አጠገቧ ያደርጓታል። 3 ሜትር ተኩል ገደማ ወደኋላ ስወስዳት ይስቃሉ፣ አያምኑኝም። በዚሁ ልክ ፀሐይ 13 ሜትር ስፋት ኖሯት ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ እሱን በወሬ ብቻ ነው የማልፈው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ጨረቃ ሰማይ ላይ ስትታይ ጠብቂና ልጆቹን ፀሐይ ወዳለበት ሜዳ አውጫቸው። (ጨረቃ በቀን አትታይም የሚል ልጅ ስንት አለ መሰለሽ!) ኳሱን ወደ ጨረቃዋ አቅጣጫ ከፍ አድርገው ይያዙት። ኳሱም ልክ እንደሷ ግማሹ በርቶ ይታያቸዋል፣ በዚያው በኩል።