የአያቶች ምስል ያለበትን ብርኩማ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ "ሻጩ የኮንሶ ጥንታዊ ብርኩማ (የእንጨት ትራስ) ነው፣ የተቀረጹት ሰዎች የቀድሞ አያቶች ናቸው አለኝ፤ ለአባቴ ወደ አሜሪካ ልወስድለት ነበር፣ ልግዛው?" ብለሽ ጠይቀሻል። አትግዢው። እኔ ይህችኑ ታሪክ አምኜ 14,000 ብር ከፍያለሁ።

1. ምስሉን በደንብ እዪው። የእኛ ሀገር የእንጨት ትራስ፣ የጉራጌም ይሁን የከፋ ወይም የሐመር፣ ባብዛኛው የሰው ምስል የለበትም። ከአንድ ግንድ ይጠረባል፣ ላዩ ለራስ ጎድጎድ ይላል፣ ጌጥ ካለውም ጭረትና መስመር ነው። ሰዎች ትራሱን በራሳቸው ተሸክመው ካየሽ ኮንጎ ያሉት የሉባ ሕዝቦች ሥራ ወይም የእሱ ቅጂ ሊሆን ይችላል። እነሱ ድሮ ብዙ ሰዓት የፈጀ የጸጉር ሥራቸው እንዳይበላሽ ነበር የሚተኙበት። የኮንሶው ዋካ ደግሞ ትራስ አይደለም። ለሞተ ጀግና የሚቆም የእንጨት ሐውልት ነው፣ ሚስቶቹም የገደላቸውም አብረውት ይቀረጻሉ። ከመቃብር ላይ እየተነቀለ ስንቱ ተሸጧል! ዋካ ነው ካለሽ ጭራሽ እንዳትነኪው።

2. ገልብጠሽ እዪው፣ አሽትቺው። እኔ ይህን አላደረግኩም። ቤት ወስጄ አቧራውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ጥቁር ሆነ። ሳሸተው የጫማ ቀለም ነው! ገልብጬ ሳየው የእግሩ ጠርዝ ገና ትናንት እንደተጠረበ ስል ነው፣ አንድም ቦታ አልተበላም። በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አለኝ። መቶ ዓመቱ ነው አላልከኝም ወይ ስለው "ፈርሜልሃለሁ?" አለ። ሰው ፊት ነው ያለኝ። ከብሩ በላይ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በዚያው ዓመት ለመስቀል ጉራጌ አገር ገባሁ። አያቴ ቤት ጥግ ላይ ልጆች የሚቀመጡባት ትንሽ እንጨት አለች፣ ልጅ ሆኜ እኔም ተቀምጬባታለሁ። ብድግ አድርጌ ሳያት ብርኩማ ናት። ራስ የሚያርፍበት መሃሉ ብቻ በቅቤ ብዛት እንደ መስታወት ያበራል፣ የቀረው በጭስ ጠቁሯል። አንድ ጎኗ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። አያቴ ሙሽራ ሳለች ሹሩባዋ እንዳይፈርስ የተኛችባት ናት። "ይቺን ምን ትሠራልሃለች?" ብላ ሰጠችኝ። ዛሬም ሳሸታት ቅቤ ቅቤ ትላለች። ቫርኒሽ ቀባት ያለኝን ሁሉ እምቢ ብያለሁ፣ አንቺም ካገኘሽ እንዳታስቀቢ።

ስለዚህ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት አክስቶችሽን ጠይቂ፣ ማድ ቤትና ቆጥ ላይ ፈልጊ። ካገኘሽ ሻንጣ ውስጥ ከትተሽ ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። የበረራሽ ዕለት ሳይሆን ቀደም ብለሽ የሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት አሳይተሽ ወረቀቱን ያዢ።

አባትሽ የየት አገር ሰው ናቸው? ጻፊልኝ፣ የዚያ አገር ብርኩማ ምን እንደሚመስል የማውቅ ከሆነ እነግርሻለሁ። የአያቴንም ፎቶ እልክልሻለሁ።