ላብራቶሪ ከሌለሽ ከጋዝ ጀምሪ

እህቴ፣ «4ኛ ክፍሎቼ ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ እያሉ በቃል ይወጡታል እንጂ አልገባቸውም። ላብራቶሪ የለን፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ምን ላሳያቸው?» ላልሽው፣ እኔ ክፍል ውስጥ የሠራልኝን ልንገርሽ።

ከጋዝ ጀምሪ። ብዙዎቻችን መጨረሻ ላይ ነካ አድርገን እናልፈዋለን። ድንጋይና ውሃን ልጁ ከቤቱ ያውቃቸዋል፤ የሚያስቸግረው የማይታየው ነው።

ከፋርማሲ አዲስ ስሪንጅ ግዢና መርፌውን አውጪው። ለአንድ ዴስክ አንድ ይበቃል። ልጁ አየር ይሳብበት፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ይድፈን፣ ከዚያ ይግፋ። መግፊያው ገባ ይላል፤ ሲለቀው ተመልሶ ይወጣል። አሁን ውሃ ሞልቶ ይሞክር። ንቅንቅ የለም! የክፍሉ ጉልበተኛ ጥርሱን ነክሶ ይገፋል፣ ሌላው ይስቃል። «ለምን?» በይና ዝም በይ። የጋዝ ቅንጣቶች የተራራቁ፣ የፈሳሽ ግን የተጠጋጉ መሆናቸውን ከዚህ በኋላ ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል።

ለጠጣር ጤፍ ይዘሽ ግቢ። «ጤፍ ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር?» በያቸው። «ይፈሳል፣ የብርጭቆውንም ቅርፅ ይይዛል» የሚል አይጠፋም። ይከራከሩ። ከዚያ ትሪ ላይ አፍሺው፤ ይከመራል። ውሃ ግን ይንጣለላል። አንዷን ፍሬ ጣታቸው ላይ አድርገው ይዩ፤ የትም ብትገባ ቅርፅዋ ያው ነው።

መቅለጥን ለማሳየት ሻማ አልመክርም፤ ልጅ በበዛበት ክፍል እሳት ጣጣ ነው። ቅቤ በፌስታል ቋጥረሽ ፀሐይ ላይ አውዪው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከቺው መልሶ ይረጋል።

እንፋሎት ላይ ግን ጊዜ ውሰጂ። ማንቆርቆሪያውን አንቺ ብቻ ያዢ፣ ልጆቹ ፈንጠር ይበሉ። ያ የሚታየው ነጭ ነገር ጋዝ አይደለም፣ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው። በደንብ ሲንተከተክ ከአፉ እስከ ነጩ ድረስ ባዶ የሚመስል ቦታ አለ። ጋዙ እዚያ ነው። ቀዝቃዛ ማንኪያ ብትደቅኚበት ወዲያው ያልበዋል። ቴርሞሜትር ካለሽ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ምክንያቱ የከተማው ከፍታ ነው። «100 አይደል እንዴ?» የሚል ልጅ ከተነሳ ቀኑ ተሳካልሽ።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ ፊኛ መንፋቱን ብዙ ሰው ይመክርሻል። ልጆች ይወዱታል፣ ግን ኬሚካላዊ ለውጥ ስለሆነ ለዚህ ርዕስ ያደናግራል። ለሌላ ክፍለ ጊዜ አቆይው።