ካልኩለስ 1ን ልዝለለው ወይስ ልማረው?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ኢንጂነሪንግ ሁለት ዓመት ተምሬ በቤተሰብ ችግር አቋረጥኩ። አሁን ቀን ትራንዚት ቢሮ እየሠራሁ፣ በማታው ፕሮግራም ሒሳብ ልጀምር ነው። የኢንጂነሪንጉን ሒሳብ፣ አፕላይድ 1ን ቢ ፕላስ፣ አፕላይድ 2ን ቢ አምጥቻለሁ። ሬጅስትራር ለካልኩለስ 1 እና ለሊኒየር አልጀብራ 1 ኤግዘምሽን (ከኮርሱ ነፃ መሆን) መጠየቅ ትችላለህ አሉኝ። ጓደኞቼ የተማርከውን ደግመህ ምን ያስለፋሃል ይሉኛል። ክፍያውም ይቀንስልኛል። እኔ ግን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ሰላም ወንድሜ፣

መጀመሪያ ለጓደኞችህ ልመልስላቸው። «የተማርከውን ደግመህ» የሚሉት ልክ የሚሆነው ያንኑ ተምረህ ከሆነ ነው። እስቲ አፕላይድ 1 ምን እንደነበር አስታውስ። መጀመሪያ ቬክተርና ቬክተር ስፔስ። ቀጥሎ ማትሪክስና ዲተርሚናንት። ከዚያ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ መጨረሻ ላይ ኢንቴግራል። ይኼ ሁሉ በአንድ ሴሚስተር! መምህሩ ቬክተር ስፔስን በስንት ክፍለ ጊዜ ጨረሰው? ኢንቴግራል ላይ ስትደርሱስ ለፋይናል ስንት ቀን ቀርቶ ነበር? ሒሳብ ዲፓርትመንት ይህንን ለሁለት ኮርስ ከፍሎ ነው የሚያስተምረው። አንድ ኮርስ ተምሮ ከሁለት ኮርስ ነፃ መውጣት ወረቀት ላይ ያምራል። አንዱ ግን በደንብ ያልተማርከው ነው።

ሌላም ልዩነት አለ፤ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። ኢንጂነሪንግ ሒሳብን የሚፈልገው ለሥራ ነው። «ኢንቴግሬት አድርግ» ይልሃል፣ ታደርጋለህ፣ መልሱ ይወጣል፣ አለቀ። ሒሳብ ዲፓርትመንት ግን «አረጋግጥ» ይልሃል። ታሪኩም እንዲሁ ነው። ኒውተንና ላይብኒትዝ ካልኩለስን ያበጁት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሊሚት ማለት በትክክል ምን ማለት እንደሆነ ለመናገር ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እስከ ሒሳብ ሊቆቹ ኮሺና ዋየርሽትራስ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። ሰው ማረጋገጥ ሳይችል ከመቶ ዓመት በላይ እያሰላ ኖሯል። አንተም በቢ ፕላስህ ኒውተን ጋ ደርሰሃል። መጥፎ ቦታ አይደለም! ካልኩለስን እያረጋገጠ የሚሄደው ሪል አናሊሲስ ግን የሚጀምረው ከዋየርሽትራስ ነው።

ስለዚህ ውጤትህን ተወውና ራስህን ፈትን። ቅዳሜ ጠዋት፣ የድሬ ሙቀት ሳይበረታ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይዘህ ተቀመጥ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይኼ ነው። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ኤክስ ስኩዌር ወደ 9 እንደሚጠጋ በኤፕሲሎንና በዴልታ አረጋግጥ። ኤፕሲሎን ከ9 የሚፈቀደው ርቀት ነው፤ ዴልታ ደግሞ ለዚያ ሲባል ኤክስ ከ3 እንዳይርቅ የምናስርበት ገደብ። «3 ሲባዛ 3፣ 9 ነዋ» ብለህ የምትዘጋው ከሆነ፣ አቦ፣ መልሱን አገኘህ እንጂ አላረጋገጥክም። ማረጋገጫው እንዲህ ይሄዳል። ኤክስ ስኩዌር ከ9 ያለው ርቀት፣ «ኤክስ ሲቀነስ 3» እና «ኤክስ ሲደመር 3» ሲባዙ የሚመጣው ነው። የመጀመሪያውን እንደፈለግን ማሳነስ እንችላለን። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ኤክስ ከ3 ከአንድ በላይ እንዳይርቅ ካሰርነው ግን «ኤክስ ሲደመር 3» ከ7 አይበልጥም። እንግዲያው ዴልታን ከ1 እና ከኤፕሲሎን አንድ ሰባተኛ ትንሹን ታደርገዋለህ። ያ 7 ከየት እንደመጣ ለታናሽ ወንድምህ ማስረዳት ከቻልክ ካልኩለስ 1ን ብትዘለው አልሰጋልህም። አሁን ሳነብልህ «አዎ፣ አዎ» ካልክ ግን አይቆጠርም። ሲነበብማ ሁሉም ይገባል።

ሁለተኛው ለሊኒየር አልጀብራ ነው። ሁለት ቬክተሮች ሊኒየርሊ ኢንዲፔንደንት ከሆኑ (አንዳቸውም የሌላኛው ብዜት ካልሆኑ)፣ ድምራቸውና ልዩነታቸውም ኢንዲፔንደንት መሆናቸውን አሳይ፤ ስካላሮቹ (የሚባዙባቸው ቁጥሮች) ሪል ናምበር ናቸው። ምንም ቁጥር አልሰጠሁህም። እጅህ ቁጥር ያለበት ማትሪክስ ፍለጋ ከሄደ፣ የአፕላይድ ልማድህ ገና አልለቀቀህም ማለት ነው።

የሚሆነውን ልገምት። የመጀመሪያውን ትንሽ ታግለህ ትሠራዋለህ፤ ሁለተኛው ያቆምሃል። እንደዚያ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። ሊኒየር አልጀብራ 1ን ቁጭ ብለህ ተማር። በካልኩለስ 1 ኤግዘምሽኑን ጠይቅ፤ ክረምቱን ግን ከኤፕሲሎን ዴልታ ጋር አሳልፍ። ሁለቱም እምቢ ካሉህ ሁለቱንም ተማር። ሁለቱንም ከሠራሃቸው ደግሞ ያለምንም ሐፍረት ሁለቱንም ዝለል።

በፍርሃት ብቻ መድገምም እንደሚጎዳ ልንገርህ። እኔ ጋ የመጣ አንድ ልጅ ሁሉን ነገር እያወቀ «ለማንኛውም» ብሎ ከዜሮ ጀመረ። ሰለቸው። ክፍል መግባት ተወ። ሚድ ያለፈበትን ቀን የሰማው ከጓደኛው ነው። በሚያውቀው ኮርስ ሲ አመጣ። በሌላ በኩል ሐረር የምታስተምር አንዲት መምህርት ነበረች። ለዓመታት 8ኛ ክፍል ሒሳብ ስላስተማረች በዲፕሎማዋ የመጀመሪያዎቹን ኮርሶች ዘለለች። የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ግን ቬክተር ስፔስን አያውቀውም። ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንሱ ልጆችን ደብተር እየተዋሰች ማታ ማታ ስትገለብጥ ከረመች። ጨርሳለች፣ ግን የቆጠበችውን ጊዜ መልሳ ከፍላበታለች።

ስለ ክፍያው ያልከውን አልንቅም። በክሬዲት ሰዓት ለሚከፍል ሠራተኛ ሁለት ኮርስ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ግን አንድ ነገር አስላ። ካልኩለስ 1ን ብትዘል በዚያ ሴሚስተር በምትኩ ምን ትወስዳለህ? ትንንሽ ዲፓርትመንቶች አንዱን ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፍቱት። ካልኩለስ 2 የሚሰጠው በሁለተኛው ሴሚስተር ከሆነ፣ 1ን ስለዘለልክ ቀድመህ አትመረቅም። ክፍያህ ይቀንሳል፣ ማታህም ትንሽ ይቀላል፣ ያ ብቻ ነው። ቀን ሙሉ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሲሞላ ለሚውል ሰው እሱም ቢሆን ጥቅም ነው፤ ብቻ አውቀህበት ይሁን። ሙሉውን የኮርስ ዝርዝር ከዲፓርትመንቱ ውሰድና የትኛው ኮርስ ለየትኛው ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) እንደሆነ በእስክሪብቶ እየሳብክ አገናኝ። ያኔ ኤግዘምሽኑ አንድ ሴሚስተር ያሳጥርልህ እንደሆነ በዓይንህ ታየዋለህ።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሳ። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሰው እሱን ማለፍ አለበት፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ከኮርስ ነፃ ብትሆንም ከመውጫ ፈተናው ነፃ አትሆንም። እዚያ ስለ ሊኒየር አልጀብራው ባዚስ ሲጠይቁህ «እኔ ኤግዘምፕት ነበርኩ» የምትልበት ቦታ የለም።

ከዚህ በኋላ የት መሥራት እንደምታስብ አልጻፍክልኝም። ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ከሆነ ከካልኩለስ ይልቅ ለፕሮባቢሊቲና ለስታቲስቲክስ ጉልበትህን ቆጥብ። ማስተርስ የምታስብ ከሆነ ግን ሊኒየር አልጀብራ ላይ በእጅህ የመጣ ኤ፣ ትራንስክሪፕትህ ላይ «ኤግዘምፕትድ» ከሚል ቃል ይሻልሃል። ዳታ ላይ ለሚሠራም ሰው ሊኒየር አልጀብራ የዕለት እንጀራው ነው።

ሬጅስትራር ስትሄድ ሁለት ነገር ጠይቅ። ኤግዘምፕት የሆነው ኮርስ ሲጂፒኤ (አጠቃላይ ውጤትህ) ውስጥ ይገባል ወይ? ማመልከቻ የሚዘጋውስ መቼ ነው? ከዚያ ከሬጅስትራሩ ይልቅ የኮርሱን መምህር ፈልገህ አናግር። ያለፈውን ዓመት ፋይናል ቢያሳይህ ከእኔ ሁለት ጥያቄዎች የበለጠ ይነግርሃል። አለዚያም ኮርሱን ተመዝግበህ ሁለት ክፍለ ጊዜ ገብተህ ስማ፤ አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻው ጊዜ) ሳይዘጋ ሐሳብህን መቀየር ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ጀምር። ኤግዘምሽን ስትጠይቅ ትራንስክሪፕት ብቻ አይበቃም፤ የአፕላይድ 1 እና 2 ኮርስ አውትላይን ማኅተም ተመትቶበት ከድሮው ዩኒቨርሲቲህ መምጣት አለበት። እዚያ የቀረ ጓደኛ ካለህ አሁን ደውልለት። ማኅተም ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ሲሉህ ሳምንቱ ያልቃል።