ተርሚናል ስንጋራ ኪቦርዱን ለጊዜው ማስረከብ

ጥያቄ፦ አዳማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር እቆጣጠራለሁ። ሐዋሳ ቅርንጫፍ ያለውን አዲስ ባልደረባዬን የማሠለጥነው በቲሙክስ (ተርሚናልን ለማጋራት በሚያገለግል ፕሮግራም) አንድ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ተጋርተን ሲሆን፣ ሁለታችንም የምንገባው በእኔ አካውንት ነው። ሰሞኑን አንድ አሮጌ ፎልደር የማጥፊያ ትእዛዝ ስጽፍ እርሱ ስሕተት ያረመ መስሎት መሃል ላይ ገባና ፊደሎቻችን ተደባለቁ፤ ኢንተር ልጫን ስል ዐይኔ ባያርፍበት ኖሮ ሌላ ፎልደር ይጠፋ ነበር። ኪቦርዱን ሲያስፈልግ ብቻ ሰጥቼው መልሼ የምወስድበት መንገድ አለ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አለ፤ አንድ አካውንት እየተጋራችሁ ግን አይሆንም። ባልደረባዎ በ«ሰረዝ አር» (-r) ምርጫ ሲገባ ተመልካች ብቻ ይሆናል፤ ሆኖም ወጥቶ ያለ ምርጫው ቢመለስ የሚያግደው ነገር የለም። ስለዚህ በቅድሚያ የራሱን አካውንት ይክፈቱለት።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲሙክስ 3.3 «ሰርቨር-አክሰስ» የሚባል ትእዛዝ ይዞ መጥቷል። በ«ሰረዝ ኤ» የባልደረባዎን ስም ያስገባሉ፣ በ«ሰረዝ አር» ተመልካች ያደርጉታል፣ ተራው ሲደርስ በ«ሰረዝ ደብሊው» እንዲጽፍ ይፈቅዳሉ፣ ሲጨርስ እንደገና በ«ሰረዝ አር» ይመልሱታል፤ በ«ሰረዝ ዲ» ደግሞ ጨርሶ ይወጣል። («ስክሪን» የተባለውን የቆየ ተመሳሳይ ፕሮግራም የለመዱ አንጋፋዎች ይህን እንደ አዲስ ነገር ስናወራ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።) ተጠቃሚዎች ከቲሙክስ ጋር የሚገናኙበት የሶኬት ፋይል ፈቃድ ግን በራሱ ስለማይከፈት፣ ለሥልጠናው ብቻ የተለየ ሶኬት አዘጋጅተው ለሁለታችሁ የጋራ ግሩፕ ይፍቀዱ። ይህን ካላደረጉና የዘወትር ሥራዎን የሚሠሩበትን ከከፈቱለት፣ ሌሎች መስኮቶችዎም አብረው ይከፈቱለታል።

ከትእዛዞቹ ይልቅ ልናሳስብዎ የምንወደው ሌላ ነው። ባልደረባዎ በራሱ አካውንት ቢገባም በተርሚናሉ ላይ የሚጽፈው ሁሉ የሚፈጸመው በእርስዎ ስምና ሥልጣን ነው። ለምሳሌ በኡቡንቱ (ከሊኑክስ ሥርዓቶች አንዱ) ላይ ለሱዶ፣ ማለትም በሥርዓቱ አዛዥ ሥልጣን ለሚያሠራው ትእዛዝ፣ ያስገቡት የይለፍ ቃል እንደ ተለመደው ለ15 ደቂቃ ያህል አይጠየቅም፤ ይህም ፈቃድ ለተርሚናሉ የተያዘ በመሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በዚያው ተርሚናል የሚጽፍ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል የሥርዓቱ አዛዥ ይሆናል። ስለዚህ ኪቦርዱን ከመስጠትዎ በፊት «ሱዶ ሰረዝ ኬ» ይበሉ። ኪቦርዱን መልሰው መውሰድዎም የተጀመረን ትእዛዝ አያስቆምም፤ ለሌሊት የተቀጠረ ሥራ ካለም እንደ ተቀጠረ ይቀራል። በእኛ አስተያየት ሥልጠናውን በእርስዎ ሳይሆን ሥልጣኑ በተገደበ ሌላ አካውንት ማካሄዱ ይሻላል። የቲሙክስ መመሪያም ለማይታመን ሰው ተመልካችነትን እንኳ መፍቀድ አደገኛ መሆኑን ያስጠነቅቃል።

የፊደሎቹ መደባለቅ ግን በዚህ ብቻ አይቀርም፤ ባለቤቱ ምንጊዜም መጻፍ ስለሚችል፣ ለባልደረባዎ ሲፈቅዱ የእርስዎ ኪቦርድ አይዘጋም። ስልክ ከፍታችሁ «ያዝሁ»፣ «ለቀቅሁ» ተባባሉ፤ የማጥፊያ ትእዛዝ ሲሆን ደግሞ የጻፈው ዝም ይበል፣ ሌላው ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ኢንተር ከዚያ በኋላ ይጫን።