ከሐዋሳ አርባ ምንጭ በአየር ስንት ደቂቃ ነው? (ጥያቄና መልስ)

ዛሬ የሚመልሱልን ጋሽ ዲስፓቸር ናቸው። የበረራ ዕቅድ ሲያወጡ ነው የኖሩት። ጠይቁ።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ካርታ ላይ ከሐዋሳ ኤርፖርት አርባ ምንጭ ኤርፖርት በቀጥታ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 600 ምናምን ይበራል። ሩብ ሰዓት አይበቃም?

ጋሽ ዲስፓቸር፦ አይበቃም። አጭር በረራ ላይ ርቀትን ለፍጥነት አታካፍሉ። የምታውቁትን ከሐዋሳ ቦሌን እንውሰድ። በአየር 210 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከፍታውን ይዞ ሲረጋ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስታካፍለው 19 ደቂቃ ይመጣልሃል። ቲኬቱ ላይ ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ታያለህ። ቲኬት የሚቆጥረው አየር ላይ ያለኸውን ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ንቅል ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ቦሌ ገብቶ እስኪቆም ድረስ ነው። ብሎክ ታይም እንለዋለን። በዚያ ውስጥ እስከ ማኮብኮቢያው መንዳት አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ። ሽቅብ ሲወጣ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም፤ ሊያርፍ ሲልም ቀንሶ፣ ዞሮ፣ ከማኮብኮቢያው ጋር ተስተካክሎ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚበረው መሐሏን ብቻ ነው።

አርባ ምንጭስ ካልክ፣ ቲኬት ስትቆርጥ በቦሌ ነው የሚወስድህ። ከቦሌ አርባ ምንጭ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨምር። 150ው ወደ 560 ሄደ፤ የቦሌው ጥበቃ ደግሞ ለብቻው።

ሚሚ ዘሐዋሳ፦ ጄት ቢሆን ቶሎ አይደርስም?

ጋሽ ዲስፓቸር፦ ትንሽ። መሐሏ አጭር ናት ብያለሁ እኮ።

አሞራ ገደል፦ ኧረ በመኪና ይሻላል! ሻሸመኔ፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፤ ጠዋት ወጥተህ ከሰዓት ትደርሳለህ።

ቱላ፦ መንገዱን አይተኸዋል ወይስ በወሬ ነው?

አሞራ ገደል፦ አዲስ አበባም ቢሆን ከባቱ እስከ ሞጆ ፈጣን መንገድ አለ። ኤርፖርቱ ራሱ ከሐይቁ ማዶ ነው፤ እዚያ እስክትደርስ እኔ ዝዋይን አልፌ!

ቱላ፦ ዝዋይና ባቱ አንድ ከተማ ነው ወንድሜ።

ጋሽ ዲስፓቸር፦ ልጆች፣ የመኪናውን ለብቻ ተነጋገሩ።

ዳያስፖራው፦ ድሬዳዋስ?

ጋሽ ዲስፓቸር፦ በቀጥታ መስመር 470 ግድም፣ በቦሌ 550። ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ቁረጥ። ለየብቻ ከቆረጥክና የመጀመሪያው ከዘገየ፣ ሁለተኛው አይጠብቅህም። ደግሞ ቲኬቱ ላይ 07:30 ካለ በእኛ ጠዋት 1:30 ነው።

ዳያስፖራው፦ ታዲያ 550ን ለ660 ሳካፍል 50 ደቂቃ...

ጋሽ ዲስፓቸር፦ አታካፍል! ከላይ አንብብ።

ሚሚ ዘሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ነፋስስ?

ጋሽ ዲስፓቸር፦ በዚህ ርቀት ብዙም አይነካህም። የሐምሌ ደመና ነው የሚያዘገይህ፤ ቦሌ ላይ ሲከብድ እዚህ መሬት ላይ ያቆዩሃል።

የአዳማው፦ ከአዳማ ሐዋሳ በአየር ስንት ሰዓት ነው?

ጋሽ ዲስፓቸር፦ አዳማ የመንገደኛ ኤርፖርት የት አለና? በሞጆ አድርገህ በመኪና ና።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ በአጭሩ ስንት ሰዓት በፊት ኤርፖርት ልድረስ?

ጋሽ ዲስፓቸር፦ ቲኬቱን የሸጠልህን ጠይቅ።